ቴርሞስታት መንቀል ጥገና ነው ወይ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። በኛ ሙያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መኪና በሽታዋን አትደብቅም፤ ውሃ ትጥላለች፣ ታፈላለች፣ ጌጇን ወደ ቀዩ ትሰቅላለች። የሚታጣው ጠጋ ብሎ የሚጠይቃት ሰው ነው።

ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ጉዳይ ሁላችንም በቀላሉ የምናልፈው ነው። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና ሞተሯ ከልክ በላይ ሲሞቅ ምን ይደረጋል? በየሰፈሩ ጋራዥ ሄዳችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ የሚሰጠው ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ነው። "ቴርሞስታቱን ንቀለው!" ይባላል። ካልሆነም "ራዲያተሩን አሳጥበው"፣ ካልሆነም "ጓርኒሲዮን ነው፣ ቴስታታው ይውረድ"።

የኔ አቋም ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። ቴርሞስታት መንቀል ጥገና አይደለም። ሳይመረምሩ ዕቃ መቀየርም ጥገና አይደለም። ይህን ልማድ ማረም ያለበት ደግሞ ጋራዡ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ወርክሾፓችን ውስጥ፣ እኛ በምንማርበትና በምንፈተንበት መንገድ መጀመር አለበት ባይ ነኝ።

ጉዳዩ ለምን አሁን?

በሀገራችን መንገድ ላይ ከምናያቸው የቤት መኪኖች ብዙዎቹ በሌላ ሀገር ተነድተው የመጡ ናቸው። ጌጃቸው 200 ሺህ ወይም 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢያሳይ ማንንም አያስደንቅም፤ ከአሮጌዎቹ መካከል ቁጥሩ ሞልቶ እንደገና ከዜሮ የጀመረም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ። የዚህ ውሳኔ ጥቅምና ጉዳት የኔ ርዕስ አይደለም። ለኛ ሙያ ያለው ትርጉም ግን አንድ ነው፤ አሁን በእጃችን ያሉት የነዳጅ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። አርጅተው፣ ተጠግነው፣ እንደገና ተጠግነው ይነዳሉ።

"የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ይህ ትምህርት ያበቃለታል" የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። አያበቃለትም። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ባትሪያቸውን ወይም ሞተራቸውን በፈሳሽ ያቀዘቅዛሉ። ፖምፓው፣ ራዲያተሩ፣ ቬንትሌተሩ እዚያም አለ። ሙቀት ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚወጣ የመከታተል ችሎታ ያለው ሰው በሁለቱም ዘመን ሥራ አያጣም።

የኛ ከተማ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

በክፍል ውስጥ ስለ ማቀዝቀዣ ሲስተም ስንማር የምናገኛቸው ቁጥሮች በአብዛኛው ለባሕር ጠለል የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር እባካችሁ ያዙት፤ ብዙ ነገር የሚፈታው እሱ ነው።

የራዲያተር ክዳን ተራ መክደኛ አይደለም። ውስጡ ስፕሪንግና ጎማ ያለው የግፊት ቫልቭ ነው። በብዙ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ። በ0.9 ክዳን የተያዘ ንጹሕ ውሃ በኛ ከፍታ የሚፈላው 114 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ይህች ትንሽ ክዳን ከ20 ዲግሪ በላይ መጠባበቂያ ትሰጠናለች ማለት ነው። ጎማዋ ደርቆ ወይም ስፕሪንጓ ዝጎ ግፊት መያዝ ሲያቅታት መጠባበቂያው በሙሉ ይጠፋል።

አሁን ሌላ ቁጥር እንጨምር። የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ባላቸው ብዙ መኪኖች ላይ ቬንትሌተሩን የሚያስነሳው ስዊች ትእዛዝ የሚሰጠው ውሃው ከ90 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው፤ በአንዳንዱ 93 ነው፣ በአንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል። ልብ በሉ! ክዳኗ የሞተች መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ትራፊክ ላይ ስትቆም ውሃው በ92 መፍላት ይጀምራል። ቬንትሌተሩ ገና አልተነሣም። ሾፌሩ ኮፈን ከፍቶ "ቬንትሌተሩ አይሠራም፣ ውሃው ግን ይፈላል" ይላል። መካኒኩም ቬንትሌተር ይቀይራል፣ ስዊች ይቀይራል። ጥፋተኛዋ ግን እላይ ተቀምጣ ትስቃለች።

ከፍታው ሌላም ጫና አለው። አየራችን በባሕር ጠለል ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ቬንትሌተሩ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በክብደት ያነሰ ነው፤ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀትም እንዲሁ። የአየሩ ቀዝቃዛነት በከፊል ይክሰናል። ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ግን ይህ ካሳ ይቀራል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ያለውን ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ጭነት ይዞ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞቃት አየር የሚወጣ አሮጌ ሞተር ያለውን ደካማ ጎን ሁሉ ያጋልጣል።

ቴርሞስታት ምን አደረገ?

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፤ ሲሞቅ ይከፍታል። በብዙ አነስተኛ መኪኖች በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ በ95 ገደማ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ተዘግቶ ሲቀር ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያቃጥለው ይችላል። የመካኒኮቻችን ጥላቻ ከዚህ የመጣ ነው፤ መሠረት የለውም አልልም።

ነገር ግን ሲነቀል ምን ይሆናል? በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት በታች በኩል ባለው ሁለተኛ ሳህኑ የባይፓሱን መንገድ ይዘጋል። ስንነቅለው ባይፓሱ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከሞተሩ የወጣው ሙቅ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። በተለይ ዳገት ላይ እንዲህ ያለው ሞተር ቴርሞስታት ካለው ይበልጥ ሊሞቅ ይችላል። እንግዲህ ለማቀዝቀዝ የተደረገው ነገር አሞቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ በተማሪዎች መካከል ስትዘዋወር የሰማኋትን አንዲት አባባል ማረም እፈልጋለሁ። "ቴርሞስታት ከሌለ ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ በፍጥነት ስለሚያልፍ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም" ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። ውሃ ፈጥኖ ቢያልፍም ተመልሶ የሚመጣው በዚያው ልክ ቶሎ ቶሎ ነው፤ ፍሰት ሲጨምር ራዲያተር የሚያስወጣው ሙቀት አይቀንስም። ዋናው ምክንያት ባይፓሱ ነው። መደምደሚያው ትክክል ቢሆንም ምክንያቱ ከተሳሳተ በሚቀጥለው መኪና ላይ ያሳስተናል።

ባይፓሱ ችግር በማይፈጥርባቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይሠራል። በኢንጀክሽን የሚሠራ ከሆነ ኮምፒውተሩ "ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው" እያለ ቤንዚን ያበዛል። ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥባል፣ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይት ውስጥ የገባው እርጥበትም ተኖ አይወጣም። ባለመኪናው "ተገላገልኩ" ሲል በየቀኑ በማደያው ይከፍላል፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ በፋሻና በብሮንዚን ይከፍላል።

ቴርሞስታትን በሙቅ ውሃ መፈተሽ ሁላችንም የምናውቀው ሙከራ ነው። እዚህ ላይም የ92ቱን ቁጥር አትርሱ። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት በክፍት ድስት ውስጥ መከፈት ሲጀምር እናየዋለን። ሙሉ መከፈቱን ግን ማየት አንችልም፤ ምክንያቱም ውሃችን 95 ዲግሪ አይደርስም። 88 የተጻፈበትማ ትንሽ ብቻ ከፈት ብሎ ሊቀር ይችላል። "አልተከፈተም፣ ተበላሽቷል" ብሎ ደህናውን የሚጥል አለ። ቴርሞሜትር ይዘን በስንት ዲግሪ መከፈት እንደጀመረ ብንመዘግብ ግን ሙከራው ዋጋ ይኖረዋል።

መፍቻ ከማንሣት በፊት ሦስት ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ "መቼ ነው የምትሞቀው?" የሚል ነው። ይህን የሚመልሰው ሾፌሩ ነው፤ በትሕትና ልንጠይቀው ይገባል። ቆማ ወይም ትራፊክ ላይ ብቻ የምትሞቅ፣ ስትሄድ የምትቀዘቅዝ ከሆነ ጥርጣሬያችን ወደ አየር ይሄዳል፤ ቬንትሌተር፣ ስዊቹ፣ ፊውዙ፣ እንዲሁም በኤሲውና በራዲያተሩ መካከል የተጠቀጠቀ አቧራና ነፍሳት። በፍጥነት ወይም ዳገት ላይ ስትሄድ የምትሞቅ ከሆነ ወደ ፍሰት እንሄዳለን፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ፣ ምላሱ የተበላ ፖምፓ፣ ሲነዳ የሚጨመደድ የታችኛው ጎማ። ጠዋት ተነሥታ ገና ሳትሞቅ የላይኛው ጎማ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ከሆነ የቃጠሎ ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ሊሆን ስለሚችል ቴስታታውን እንጠረጥራለን።

ሁለተኛው ጥያቄ "ውሃ ይጎድላል ወይ? ከጎደለስ የት ገባ?" የሚል ነው። የዘጋ ሲስተም ውሃ አይበላም። በየቀኑ የሚሞላ ከሆነ የሆነ ቦታ ይወጣል። ወደ ውጪ ከሆነ ከጎማ መጋጠሚያ፣ ከራዲያተር ጎን፣ ከፖምፓው ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የዝገት መስመር ትቶ ያልፋል። ወደ ውስጥ ከሆነ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል፣ ወይም በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አያቋርጥም። በየጠዋቱ ውሃ እየሞሉ መንዳት የተለመደ ሆኗል። ይህ ግን የሚደማ ሰውን በየጠዋቱ ደም እየሰጡ ቁስሉን አለማሰር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ "ሙቀቱ እውነት ነው ወይ?" ነው። ጌጅ ይዋሻል። ሴንሰሩ ወይም ኧርዙ ሲበላሽ ያልሞቀውን ሞቀ ይላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሞቀውን ደህና ሲል ነው። ውሃው ካለቀ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ስለሚቀር ጌጁ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ሾፌሩም "ተመስገን፣ ቀዘቀዘች" እያለ ሞተሩን ይጨርሰዋል። ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ይህን በአንድ ደቂቃ ይለየዋል። ግን የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ አነጣጥራችሁ አትለኩ፤ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ጥቁር ጎማ ወይም ቀለም የተቀባ ቦታ ላይ ለኩ። ራዲያተሩን ከዳር እስከ ዳር ስትለኩም ከሌላው ተለይቶ የቀዘቀዘ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ውሃ አያልፍም፤ ተደፍኗል ማለት ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም። የግፊት መሞከሪያም ቢሆን የግድ ከውጪ የሚመጣ አይደለም። አሮጌ ክዳን ላይ የካላማዳሪያ ቫልቭ አስገብቶ፣ በጌጅና በእጅ መንፊያ መሥራት ይቻላል። ሞተሩ በርዶ ሳለ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሳታልፉ ግፊት ስጡት፤ የሚያፈስበትን ቦታ ራሱ ያሳያችኋል። ሞቃት ራዲያተር መክፈት ግን በፍጹም! በእንፋሎት ፊቱ የተቃጠለ ሰው ያየ ይህን ሁለት ጊዜ መስማት አያስፈልገውም።

አራት ጊዜ የተጠገነችው ታክሲ

በሥራ ላይ ልምምድ ወቅት ያየሁትን ልጥቀስ። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ጠባዩ የብዙዎች ነውና። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት አሮጌ ኮሮላ ታክሲያቸውን ይዘው መጡ። "ልጆቼ፣ እንጀራዬ እሷ ናት። ጠዋት ደህና ናት፤ መርካቶ ገብቼ ስቆም ታፈላብኛለች" አሉ። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሰውልናል። የሰማቸው ግን አልነበረም። "አይ ጋሼ፣ አያስቡ፣ ቴርሞስታቱን እንነቅልልዎታለን" ተባሉ፤ ተነቀለ።

በሳምንታቸው ተመለሱ። ራዲያተሩ ወረደና ታጠበ። እንደገና መጡ፤ ፖምፓው ተቀየረ። በአራተኛው ሲመጡ ጓርኒሲዮኑ በእርግጥም ተበልቶ ነበር። ቴስታታው ወርዶ ፊቱ ተስተካከለ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። ታክሲዋ ስድስት ቀን ቆመች። ስድስት ቀን የቆመ ታክሲ በቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ወጥታ በሦስተኛው ቀን መርካቶ ላይ አፈላች።

ነገሩን የፈቱት በጋራዡ ጥግ ራዲያተር የሚበይዱ አንድ አዛውንት ናቸው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው ክዳኑን ከፈቱ፣ ጎማውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። "ይቺን የቀየራት ሰው አለ?" ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። ከአራቱ ጥገና ሁሉ የተረፈችው ያቺ ክዳን ነበረች። አዲስ ክዳን ተገዛ፣ አዛውንቱ ስለተቆጡ ቴርሞስታትም ተመልሶ ገባ። ልምምዴን እስክጨርስ በነበሩት ሳምንታት ባለታክሲው ለማመስገን ካልሆነ ተመልሰው አልመጡም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም። ራዲያተሩ በእርግጥ ቆሽሾ ነበር፤ ጓርኒሲዮኑም በእርግጥ ተበልቶ ነበር። ግን ጓርኒሲዮን ብዙ ጊዜ የመሞቅ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ገደማ ነው። የአሉሚኒየም ቴስታታ ከብረት ሞኖብሎክ ጋር ታስሮ ደጋግሞ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይጣመማል፣ መሐል ያለውንም ጓርኒሲዮን ይገድለዋል። መነሻውን ሳያገኙ ጓርኒሲዮን መቀየር ለሚቀጥለው ጓርኒሲዮን ቀጠሮ መያዝ ነው።

ቴስታታ ማውረድ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ርምጃ አይሁን። ከዚያ በፊት የኮምፕረሽን ልኬት አለ፤ የሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች ቁጥር አብሮ ሲወርድ መካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። በራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ መመርመርም ይቻላል፤ የቃጠሎ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ከወረደም በኋላ ቀጥ ያለ ማስመሪያና ፊለር ጌጅ ይዘን እንለካ። በብዙ አነስተኛ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ዓይን ይህን አያይም። ትክክለኛውን ቁጥር ከሞተሩ ማንዋል መውሰድ፣ ቡሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር በተራና በደረጃ፣ በቶርክ ሬንች ማሰር ግዴታ ነው። ሲጨረስም የአየር ቋጠሮውን ማስወጣት አይረሳ። ውስጥ የቀረ አየር አዲስ የተሠራውን ሞተር በመጀመሪያው ቀን ያፈላዋል፤ ስሙም የሚጠፋው የመካኒኩ ነው።

"እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፣ ገበያውን አታውቁትም"

ይህን ሳነሣ ከጋራዥ ሰዎች የሚሰጠኝ መልስ አለ፤ በአግባቡ ልጥቀሰው። አንደኛ፣ ገበያ ላይ ያለው ቴርሞስታት ሁሉ የሚታመን አይደለም፤ ርካሹ ተዘግቶ ቢቀር ሞተር ይጨርሳል፣ ተጠያቂው ደግሞ መካኒኩ ነው። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ለምርመራ አይከፍልም፤ ለተቀየረ ዕቃ ነው የሚከፍለው። ሦስተኛ፣ አረንጓዴው ኩላንት ውድ ነው፤ ሀገራችን ደግሞ በረዶ የለባትም፤ ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ይበቃል።

የመጀመሪያው እውነት አለበት። መንገድ ላይ ቴርሞስታት ተዘግቶ ቢቀርና ምትክ ባይገኝ ነቅሎ ቤት መግባት ብልህነት ነው፤ ድንገተኛ ዕርዳታ ነው። ዕርዳታውን እንደ ፈውስ ቆጥሮ ለዓመታት መንዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ከመግጠማችን በፊት በሙቅ ውሃ ብንፈትሸው ደግሞ ፍርሃቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ግን ስሕተት ነው። ኩላንት በረዶን ለመከላከል ብቻ አይደለም። መፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንና የአሉሚኒየም መበላትን ይከላከላል። ንጹሕ ግሊኮል ከውሃ ያነሰ ሙቀት ስለሚሸከም ግማሽ በግማሽ ተቀላቅሎ ነው የሚሞላው፤ "የበለጠ ይሻላል" ብሎ ንጹሑን መሙላትም አይገባም። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑን ግድግዳ ላይ ይጋግራል፤ ዛሬ የተቆጠበው ገንዘብ ነገ ለራዲያተር አጣቢ ይሄዳል። አደራ ግን፣ አሮጌው ኩላንት ግቢ ውስጥ አይደፋ። ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ውስጡ መርዝ ነው፤ ሕፃናትንና እንስሳትን ይገድላል።

ሁለተኛው፣ "ደንበኛው ለምርመራ አይከፍልም" የሚለው፣ ከሁሉ የከበደው ነው። ይህን የፈጠርነው እኛው ባለሙያዎቹ ይመስለኛል። ምርመራችን ግምት ከሆነ ማን ለግምት ይከፍላል? ሐኪም ለላቦራቶሪ የሚያስከፍለው ውጤቱን በወረቀት ጽፎ ስለሚሰጥ ነው። እኛስ "ክዳኑ ግፊት አይይዝም፤ ቬንትሌተሩ በቀጥታ ከባትሪ ሲሰጠው ይሠራል፤ ራዲያተሩ በግራ በኩል ተደፍኗል" ብለን በወረቀት ብንሰጥ? እኚያ ባለታክሲ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት ቢያገኙ ከፍለው፣ መርቀው ይሄዱ ነበር።

ለዲፓርትመንታችን ያለኝ ሐሳብ

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በተግባር ፈተና ላይ የምንመዘነው በመፍታትና በመግጠም ነው። ሞተር ፈቶ፣ አጥቦ፣ ገጥሞ በሰዓቱ የጨረሰ ያልፋል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ እጅ ካልፈታ መካኒክ አይሆንም። ነገር ግን ለመፍታት ብቻ የሠለጠነ እጅ መኪና ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት መፍታት ነው። ስለዚህ "ንቀለው" የሚለው ቃል ከጋራዥ ብቻ አልመጣም፤ ከፈተናችንም ነው የመጣው።

ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር በአክብሮት አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ወርክሾፓችን ውስጥ በሚነሣው ሞተር ላይ የተደበቀ ብልሽት ይቀመጥ። የሞተ ክዳን፣ የተቋረጠ የቬንትሌተር ሽቦ፣ የላላ ቺንጋ፣ በራዲያተር ፊት የተጋረደ ካርቶን ይበቃል። በአምስት በአምስት የተከፈለ ቡድን 30 ደቂቃ ይሰጠው፤ ያገኘውን በጽሑፍ እስኪያቀርብ ድረስ መፍቻ መንካት ይከልከል። ሁለተኛ፣ መቼ፣ የት፣ በስንት ዲግሪ የሚሉትን የያዘ አንድ ገጽ የምርመራ ቅጽ ይዘጋጅ፤ በልምምድ ወቅትም ይዘነው እንውጣ። ሦስተኛ፣ በልምምድ ሪፖርታችን ላይ "የተቀየረ ዕቃ" ከሚለው ዓምድ ጎን "በምን ታወቀ?" የሚል ዓምድ ይጨመር።

"የተማሪው ቁጥር ብዙ ነው፣ የሚነሣ ሞተር ጥቂት ነው" የሚል መልስ ሊሰጥ እንደሚችል አውቃለሁ። ይህ ሥልጠና ግን አዲስ ሞተር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ የሚነሣ አሮጌ ሞተር፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ የሞተ ክዳን ነው። የሞተ ክዳንማ በየጋራዡ ሞልቷል።

እናንተ ተማሪ ጓደኞቼ ደግሞ ቅጹ እስኪመጣ አትጠብቁ። በሚቀጥለው ጊዜ የሞቀች መኪና ስታገኙ መጀመሪያ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከታችሁ ሾፌሩን ስሙት። ከዚያ ክዳኑን እዩ፣ ከዚያ ለኩ፣ ከዚያ ጻፉ። መፍቻው የትም አይሄድም። በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍና እንከራከር።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ። ቸር ይግጠመን።